የበሬ ቀንድ እጀታ ከብረቱ ለምን ይላቀቃል?

ባለሞረዱ፦
ሰላም ባለሙያዎች። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ቢላ የበሬ ቀንድ እጀታ ገጥሜለት ነበር። ቀንዱን ቀቅዬ ዘረጋሁት፣ 3 ቀን አደረቅኩት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ለጥፌ በሁለት የነሐስ ሚስማር አሰርኩት። በወሩ ጫፎቹ ተነሡ፤ ጥፍር ያስገባል። አንዱ ሚስማር ሥር ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ጥፋቱ የማጣበቂያው ነው የቀንዱ?

ወይራ፦
የቀንዱ ነው ወንድሜ። ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በ3 ቀን የሚደርቀው ላዩ ብቻ ነው። በሙቀት የተዘረጋ ቀንድ ደግሞ ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ መመለስ ይፈልጋል።

ቀንዱ ተቀቅሎ ሲለሰልስ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሀል አድርገህ ሞርሳውን (የብረት መቆንጠጫውን) ቀስ በቀስ አጥብቅ፤ በአንዴ ከተጫንከው ይሰነጠቃል። እስኪበርድ፣ ቢቻል እስኪነጋ፣ አትፍታው። ከዚያ ጥላ ውስጥ አስቀምጠህ በየሳምንቱ መዝነው። ክብደቱ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ካልቀነሰ ደርቋል። ለትንሽ ቢላ ግን ከቀንዱ ጫፍ በኩል ሰንጥቅ፤ እዚያ ድፍን ስለሆነ መዘርጋት አያስፈልገውም።

ነሐስ_በነሐስ፦
ስንጥቁ ከቀዳዳው ነው የመጣው። ሚስማሩ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ቀዳዳው 5.1 ወይም 5.2 ይሁን። በመዶሻ እየተመታ የሚገባ ሚስማር ቀንዱን ሁልጊዜ ይወጥረዋል፤ ሚስማሩ በእጅ ተገፍቶ ይግባ፣ የሚይዘው ኢፖክሲው ነው።

የሚጣበቀውን ፊት፣ ብረቱንም ቀንዱንም፣ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክር። የቀንዱን መሀል ጥቂት ጎድጎድ አድርገው፤ ጠርዙ ገጥሞ ማጣበቂያው ውስጥ ይቀራል። በአሴቶን (ቅባት በሚያጸዳ ፈሳሽ) ጥረግና ከዚያ በኋላ በእጅህ አትንካው። በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ተወው፣ የ24 ሰዓቱን ተጠቀም። ሲታሰር እጅግ አጥብቀህ ከጨመቅከው ማጣበቂያው ወጥቶ ያልቃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲሞረድ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተህ አቁምና ውሃ ንከረው፤ ሙቀቱ ቀንዱንም ያጎብጣል፣ ኢፖክሲውንም ያለሰልሳል።

ጥላ_ቤት፦
እባካችሁ ቀንድ የምትገዙት ከየት እንደመጣ እወቁ። ሞቶ የተገኘ ከብት ቀንድ አትንኩ፤ የአባ ሰንጋ (አንትራክስ) በሽታ ዘር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ተራ ቅቀላም አስተማማኝ አይደለም። ቄራ ተመርምሮ የታረደ ከብት ይሁን። ብናኙም ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ሳይሆን ደህና የአቧራ ጭንብል አድርጉ። እጀታውን በተልባ ዘይት የምታሹ ካላችሁ ጨርቁን ጨምድዳችሁ አትጣሉ፣ በራሱ ሞቆ እሳት ይነሣል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ባለሞረዱ፦
አመሰግናለሁ። ይሄንኛውን ማዳን ይቻላል?

ነሐስ_በነሐስ፦
የቀንዱ ውፍረት በየጎኑ 5 ሚሊሜትር ከተረፈ አዎ። ሚስማሮቹን በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) በስተህ አውጣቸው፣ ብረቱን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀህ በስስ ቢላ ቀንዱን ፈልቅቅ። እስኪደርቅ ጠብቀህ ፊቱን እንደገና አስተካክል። ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብታ ጣልበት፤ ራሱ ይስበዋል። ሲደርቅ በ400 ቁጥር ወረቀት አልስልሰው።