በክፍት ወንበር ምርጫ ላይ የትንበያ ገበያ ዋጋ እንዴት ይነበባል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሴናተር ቤን ካርዲን ዳግም እንደማይወዳደሩ ካሳወቁ በኋላ የሜሪላንድ ወንበር ለ2024ቱ ምርጫ ክፍት ሆኖ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አገረ ገዥ ሆነው የተመረጡት ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆገን ሲገቡበት ደግሞ እኛም አካባቢ ብዙ አነጋገረ። አሁን ለሚመጡት የኮንግረስ ምርጫዎች ካልሺና ፖሊማርኬት በተባሉት፣ ሰዎች በምርጫ ውጤት ላይ ውል በሚገዙባቸውና በሚሸጡባቸው የትንበያ ገበያዎች ላይ የሚወጡትን ዋጋዎች እከታተላለሁ። የመወራረድ ሐሳብ የለኝም። አንድ እጩ 68 ሳንቲም ላይ ሲታይ የማሸነፍ ዕድሉ 68 በመቶ ነው ብዬ ልውሰደው? አዲስ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሳይወጣ ዋጋው በአንድ ምሽት አሥር ሳንቲም ያህል የሚንቀሳቀሰውስ ስለምንድን ነው?

ሒሳብ ወዳዱ፦
ውሉ እጩው ካሸነፈ 1 ዶላር ስለሚከፍል፣ ከተሸነፈ ደግሞ ምንም ስለማይከፍል፣ ዋጋውን እንደ ዕድል መጠን ማንበብ ለመነሻ ያህል ስሕተት አይደለም። ሆኖም በሰሌዳው ላይ የሚያዩት ቁጥር ማንም ያልገዛበት ሊሆን ይችላል። ፖሊማርኬት የሚያሳየው ገዥ በሚሰጠውና ሻጭ በሚጠይቀው ዋጋ መካከል ያለውን አማካይ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከ10 ሳንቲም ሲበልጥ ግን የመጨረሻው ግብይት የተፈጸመበትን ዋጋ ነው። ገዥው 64፣ ሻጩ 72 ብለው ቢቆሙ 68 ይነበባል። ሻጩ ትእዛዙን ሰርዞ ቀጣዩ ሻጭ 80 ላይ ከሆነ ልዩነቱ 16 ይደርሳል፤ የመጨረሻው ግብይት 59 ላይ ተፈጽሞ ከነበረ ሰሌዳው ከ68 ወደ 59 ይወርዳል፤ ያውም አንድም ሰው ሳይገዛና ሳይሸጥ። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የገዥና የሻጭ ትእዛዞችን ዝርዝር ከፍተው ይመልከቱ። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይንቀሳቀሳል፤ ለአንድ የተወካዮች ምክር ቤት ወረዳ ግን ጥቂት መቶ ዶላር ያለው አንድ ሰው ብቻውን ዋጋውን ሊያናውጠው ይችላል።

ከፕሪንስ ጆርጅስ፦
በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። ወንበሩ ክፍት ሲሆን ውድድሩ ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ፣ ቀጥሎ ጠቅላላ ምርጫ። በሜሪላንድ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ዴቪድ ትሮን ከራሳቸው ኪስ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው በብዙ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ሲመሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2024 አንጀላ አልሶብሩክስ ከ10 ነጥብ በሚበልጥ ልዩነት አሸነፏቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ሰው «ወንበሩን ያገኛል» የሚለው ዋጋ የሁለቱ ደረጃዎች ብዜት ነው። ለምሳሌ እጩነቱን የማግኘት ዋጋው 40፣ ወንበሩን የማግኘቱ 34 ከሆነ፣ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ 85 በመቶ ይመጣል፤ ይህም እጩ ከሆነ በኋላ ጠቅላላ ምርጫውን የማሸነፍ ዕድሉ ነው፤ ቅድመ ምርጫውን ባሸነፈ ማግሥት 34 የነበረው ወደ 85 ቢዘል ስለ ጠቅላላው ምርጫ የተለወጠ ነገር የለም ማለት ነው። ይህንን የማካፈል ውጤት «ፓርቲው ያሸንፋል» ከሚለው ውል ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። የፓርቲው 88 ሆኖ የእርስዎ ስሌት 60 ቢሰጥ፣ ገበያው ሰውየውን ደካማ እጩ አድርጎ አይቶታል፣ አለዚያም ማንም እየተገበያየበት አይደለም። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው።

የሆገንን ነገር ካነሡ፣ ዝነኛ ስም ከግዛቱ ዝንባሌ ጋር ሲጋጭ ለዝንባሌው ማድላት ይሻላል ባይ ነኝ። ሜሪላንድ ከ1980ው የቻርልስ ማታያስ ድል ወዲህ ሪፐብሊካን ሴናተር አልመረጠችም። ሆገን ከትራምፕ እጅግ የተሻለ ድምፅ አግኝተው እንኳ ወደ 12 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ተሸንፈዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ማካፈሉን ሞክሬው ገብቶኛል። ምንም ተስፋ የሌለው እጩ 4 ወይም 5 ሳንቲም ላይ ተጣብቆ የሚቀረውስ ለምንድን ነው?

ሒሳብ ወዳዱ፦
«አያሸንፍም» የሚለውን በ96 ሳንቲም የሚገዛ ሰው ትርፉ 4 ሳንቲም ናት፤ ምርጫው አንድ ዓመት ከቀረው ገንዘቡን በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ቢያውለው ያለ ሥጋት ተቀራራቢ ወለድ ያገኝበታል፤ ስለዚህ ዋጋውን ወደታች የሚገፋው አይኖርም። ፕሬዲክትኢት በተባለው ሌላ የትንበያ ገበያ ላይ ደግሞ ለአንድ ውል የሚፈቀደው ለዓመታት እስከ 850 ዶላር ብቻ ስለነበረና ከትርፉም 10 በመቶ ስለሚቆረጥ ነገሩ የባሰ ነበር። የውሉንም ደንብ ያንብቡ፦ ክፍያው አሸናፊው እንደታወቀ ከሆነ ገንዘቡ በኖቬምበር ይለቀቃል፤ ተመራጩ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ከሆነ ግን እስከ ጃንዋሪ 3 ታስሮ ይቆያል፣ ያም ዋጋው ውስጥ ይገባል።