ትራንዚስተሬ አልዘጋ አለኝ፤ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ጎበዝ። ደሴ ላይ የማስተርስ ማሟያዬን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ አሉሚኒየም የተጨመረበት የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ነው፤ ለትራንዚስተር።

አሠራሬ ተራ ነው። ዚንክ አሲቴትና ትንሽ የአሉሚኒየም ጨው ሜቶክሲኢታኖል በሚባል ፈሳሽ አሟሟለሁ፤ ውህዱ እንዲረጋ ሞኖኢታኖላሚን ጠብ አደርጋለሁ። ኦክሳይድ በለበሰ ሲሊከን ላይ በማሽከርከር እቀባዋለሁ፤ ከዚያ 450 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ይገባል። መብራት ካልሄደ ማለቴ ነው። ሲሊከኑ ራሱ ጌት (ከረንቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ጌቱን ወደ ኔጋቲቭ 40 ቮልት ባወርደውም ከረንቱ አይቆምም። ሲበራና ሲጠፋ ያለው ልዩነት 10 እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ደህና ትራንዚስተር ግን ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይለያል። በጌቱ በኩል የሚያፈሰው ኢምንት ስለሆነ እሱን አልጠረጥርም።

እኔ የምጠረጥረው አሉሚኒየሙን ነው። የዚንክን ቦታ ሲይዝ ትርፍ ኤሌክትሮን ይለቃል። 2 ፐርሰንት የያዘው እኮ ግልጽ ኤሌክትሮድ የሚሠራበት ነው፤ ለቻናል (ጌቱ ለሚቆጣጠረው የከረንት መንገድ) ግን ከልክ በላይ ያስተላልፋል። የጃፓኑ ተመራማሪ የሆሶኖ ቡድን በ2004 ባሳየው የኢንዲየም ጋሊየም ዚንክ ኦክሳይድ ትራንዚስተር ውስጥ የጋሊየሙ ሥራ ኦክስጅንን አጥብቆ ይዞ ትርፍ ኤሌክትሮን መቀነስ ነበር። የላብ ጓደኞቼ ግን «አብሽር፣ ሽፋኑን ብቻ አሳሳው» ይሉኛል።

አሉሚኒየሙን ትቼ እንደ ጋሊየም ኦክስጅንን አጥብቆ ወደሚይዘው ማግኒዚየም ልዙር ወይስ እነሱን ልስማ? ሌላም አለ፤ ሽፋኑ ቺፑን ሙሉ አልብሶታል፣ ሽፋኑን በብርሃን ቀርጾ የሚለየው ፎቶሊቶግራፊም የለንም። ጥጥ በቀጭን አሲድ ነክሬ የቻናሉን ዙሪያ ብጠርገው በጎን የሚያልፈው ከረንት ይቀንስ ይሆን? የሞከራችሁት ካላችሁ የአሲዱን መጠን ጭምር ንገሩኝ።