በጽሑፍ ሮልፕሌይ የሰውነት እንቅስቃሴን እንዴት ልጻፍ? የትዕይንቱ ፍጥነትስ?

ጥያቄ፦ ዝምተኛዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተራ በተራ ፖስት እያደረግን ሮልፕሌይ እንጽፋለን፤ ማለትም እያንዳንዳችን የራሳችንን ገጸ ባሕርይ ይዘን አንድ ታሪክ አብረን እንጽፋለን። የእኔ ገጸ ባሕርይ ሐሰተኛ የይለፍ ወረቀት ይዛ በከተማው በር ልታልፍ የምትሞክር ሴት ናት። የእሱ ደግሞ የበሩ ጠባቂ ነው። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ንግግር በጻፍኩ ቁጥር «ፈገግ አለች»፣ «ራሷን ነቀነቀች»፣ «በረጅሙ ተነፈሰች» እያልኩ እደጋግማለሁ። ሌላው ፍጥነቱ ነው። እኔ ረጅም እጽፋለሁ፣ እሱ ሁለት መስመር ይመልሳል፤ ትዕይንቱ ይጎተታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ባለ ማስታወሻ
እህቴ፣ ፈገግታው በራሱ ችግር የለበትም። «እሺ» ካለች በኋላ ግን ራሷን መነቅነቋ ያንኑ መድገም ነው። እንቅስቃሴ ዋጋ የሚኖረው አፏ ያላለውን ሲናገር ነው። እስቲ ይህን እዪው፦

«ወረቀቱ ይኸው» ብላ ዘረጋችለት። እጁ ሲደርስ ግን ጣቶቿ ቶሎ አልለቀቁትም።

«ፈራች» አላልንም። ጓደኛሽ ግን የሚይዘው ነገር አገኘ። ጠባቂው ወረቀቱን ሊነጥቃት፣ ጣቶቿን ልብ ሊል፣ ወይም ምንም ሳይታየው ሊያልፍ ይችላል። ከመላክሽ በፊት «እሱ ይህን አይቶ ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካጣሽለት እንቅስቃሴውን አውጪው።

መልስ፦ ተራኪው
እኔም ልጨምር። በልቧ የሚመላለሰውን ሁለት አንቀጽ ሙሉ ብትጽፊ ለማንበብ ደስ ይላል፤ ጠባቂው ግን ሊያውቀው አይችልም። መልስ የሚሰጠው ላየውና ለሰማው ብቻ ነው። ሁለት መስመር የሚመልስልሽ ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ ስለሰነፈ አይደለም።

ደግሞ የእሱን ገጸ ባሕርይ አንቺ አታንቀሳቅሺበት። «ጠባቂው ደነገጠ» ካልሽ ተራውን ወሰድሽበት። «ዓይን ዓይኑን አየችው» በይና ተዪው። መደንገጥ አለመደንገጡን እሱ ይወስን።

መልስ፦ የማታ ብዕር
ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። በአንድ ፖስት ሦስት ጥያቄ ጠይቃ፣ ወረቀቱን ሰጥታ፣ ወደ በሩ ከተራመደች የትኛውን ቀድሞ ይመልስ? የመጀመሪያውን እስኪመልስ እሷ በሩን አልፋለች። ሌላው ሰው ጣልቃ ሊገባ የሚፈልግበት ቦታ ስትደርሺ አቁሚ።

ሲፋጠጡ ወይም ሲሯሯጡ አጭር ይሁን፤ አንድ ድርጊት፣ አንድ ንግግር። ቦታ ሲቀየር ወይም ብቻዋን ስትሆን እንደልብሽ አስረዝሚ። ሁልጊዜ በርዝመት እኩል መሆን ግዴታ አይመስለኝም። በሩ ላይ ተሰልፋ ተራዋን የምትጠብቅበት ክፍል ካሰለቻችሁም «ተራዋ ሲደርስ መሽቶ ነበር» ብሎ መዝለል ነው። ብቻ ከመዝለልሽ በፊት ከታሪኩ ውጭ መልእክት ላኪለት። ሰልፉ ላይ ሊያደርግ ያሰበው ነገር ሊኖር ይችላል።

ዝምተኛዋ
በጣም አመሰግናለሁ! የጣቶቹን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ መልስ ስታጣ «ዝም አለች» ማለት ይበቃል?

ባለ ማስታወሻ
ለአጭር ዝምታ ይበቃል። እንዲረዝም ከፈለግሽ ግን መሀሉ ላይ አንድ ነገር ይሁን። ለምሳሌ፦ «ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ አልዞረችም።» ጊዜው ሲያልፍ ይሰማል። ፖስቱን እዚያው ቁረጪና ላኪለት፤ ዝምታውን ጠባቂው ይስበረው።