የዕቅድ ውይይት፦ ለድሬዳዋ ምድር ባቡር ቅርስ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ እንደተስማማነው ለከተማው አስተዳደር የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እየተጻጻፍን እንጨርሰው። ረቂቁን እኔ ልጀምር። እናንተ ያለ ይሉኝታ ቁረጡት፣ ጨምሩበት።

የምንጠይቀው አሮጌው ባቡር ጣቢያና የጥገና ዴፖው ባሉበት እንዲጠበቁ፣ ከፊላቸውም ሙዚየም እንዲሆን ነው። ምክንያቱን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሃዲዱን ሐረር ማስገባት ነበር። ተራራው ግን ወጪውን አናረው። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ከተማዋን አዲስ ሐረር ሊሏት ሞክረው ነበር፣ ስሙ ግን አልያዘም። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። የከዚራ ሰፈር መንገዶች ቀጥ ያሉት፣ ዛፎቹም በመስመር የቆሙት የባቡሩ ሰዎች ስለቀየሱት ነው።»

ሳነበው ስህተት የለበትም። ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ከዚህ በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስገባነው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። ያኔ የላክነውም እንዲህ ያለ ወረቀት ነበር። ምን እንጨምርበት?

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ረጅሙን ታሪክ አሳጥረሽ አስቀምጠሽዋል። የጎደለው ሰው ነው። ምኒልክ አሉ፣ ኢልግ አለ። ሃዲዱን በትከሻው የተሸከመው ግን የለም።

እኔ ዴፖ የገባሁት በ17 ዓመቴ ነው። ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ ረዳት አደረጉኝ። ሰውየው የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። የመጀመሪያ ቀን ቁልፍ አላስያዘኝም። ክንድ የሚሞላ ቀጭን ብረት ሰጠኝ። አንዱን ጫፍ እየሠራ ያለው ሞተር ላይ እንዳስደግፍ፣ ሌላውን ጆሮዬ ሥር እንዳደርግ ነገረኝ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ይጮኻል» አልኩት።

«ጩኸቱን ተወው። ከሥሩ ያለውን ስማ።»

ሳምንት ሙሉ ሥራዬ ያ ብቻ ሆነ። ጓደኞቼ ብሎን ሲፈቱ እኔ ብረት ጆሮዬ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። በስንተኛው ቀን እንደሆነ ረሳሁት፣ ድንገት ተለየልኝ። ደህናው ኩሲኔ፣ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ብረት፣ እንደሚንቆረቆር ውሃ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። የተበላው ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ነው። ነገርኩት። ትከሻዬን መታ አደረገኝና ቁልፍ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኖርኩበት ዕድሜ ሁሉ እንጀራዬን የበላሁት በዚያች ብረት ነው።

አለቃዬ ኩሲኔ ነው የሚለው፣ እንደ ፈረንሳዮቹ። ከተማው ውስጥ ያሉ ጋራዦች ኩሽኔታ ይላሉ፣ ያ ከጣሊያን የመጣ ነው። እኛ ጋ ኩሽኔታ ያለ ሰው ከውጭ እንደመጣ ወዲያው ይታወቅበት ነበር።

ሲያርፍ ሚስቱ ደብተሩን ሰጠችኝ። ጠርዙ በግራሶ ጠቁሯል። የፈረንሳይኛውን ቃል በአማርኛ ፊደል ይጽፈዋል፣ አጠገቡ ትርጉሙን። አንዳንዱ ጋ ትርጉሙ በአማርኛ ነው፣ አንዳንዱ ጋ በኦሮምኛ፣ አንዳንዱ ጋ በሶማሊኛ። የትኛው ረዳት በየትኛው እንደሚገባው ያውቅ ነበር። ማንበብና መጻፍን ራሱ ከማን እንደተማረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። ያ ይቆጨኛል።

በአንድ ፈረቃ ከነበርነው 7 ሰዎች ዛሬ የቀረነው 2 ነን። ጓደኛዬ ጆሮው ከብዷል፣ ወሬው ግን አልጠፋበትም። ማሽኑ አሥር ዓመትም ይቆያል። እሱና እኔ ግን እንጃ። ስለዚህ ሙዚየሙ ይቆይና መጀመሪያ የሰው ድምፅ ይቀረጽ እላለሁ።

የታሪክ መምህሩ

ጋሼ፣ በድሬ ወግ አንተ ልበልህ። አቦ፣ ልቤን ነው የነካኸው። ደብተሩን ከዛሬ ነገ ሳንል ገጽ በገጽ ፎቶ እናንሳው።

የተማሪዎቼን ነገር ልጨምር። ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው ላ ጋር፣ ከባቡር ጣቢያ፣ እንደመጣ ስነግራቸው ዓይናቸው ይፈጣል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ከአዲስ አበባ ሲወጡ በዚህ ሃዲድ ላይ እንዳለፉ ስነግራቸውም ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀን ብቻ ሳይሆን መንገዱን በእግራቸው ሊረግጡት ስለሚችሉ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ሲፈርሱ መስመሩ ተቆርጦ ነበር። ማን ጠገነው ብለው ይጠይቁኛል። የማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ የለም። መልሱ ያለው ከዴፖው አጥር ጀርባ፣ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁት አባቶች ጋ ነው።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ከአሮጌዎቹ ፉርጎዎች አንዱን አድሰን በአዲሱ መስመር ላይ ለጎብኚ እንዲሄድ ብንጠይቅስ?

ጡረተኛው መካኒክ

እሱ አይሆንም ልጄ። የድሮው ሃዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። እግሩ አይገጥምም። አዲሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ይላል።

የሚሆነውን ልንገርህ። ግቢው ውስጥ ያለው ሃዲድ ከተመረመረ፣ ፍሬኑ ከተፈተሸ፣ አንድ ሊትሪና፣ ያ የራሱ ሞተር ያለው የመንገደኛ ፉርጎ፣ በዚያው ግቢ ጥቂት መቶ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማለት ይችላል። ለልጆች ያ ይበቃል። ጅቡቲ ድረስ መሄድ የለበትም።

ከአዋሽ የምጽፍ አባል

ሰላም። ዘግይቼ ነው ያየሁት። ስለ ድሬ ስትጽፉ ስለ መስመሩ ሁሉ እያሰባችሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። 784 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁላችንም በዳሩ ነው ያደግነው።

እዚህ አንድ ነገር አለ፣ ሰው ደፍሮ አያነሳውም። ጥር 1977 ዓ.ም። ባቡሩ ድልድዩ አጠገብ መታጠፊያው ላይ ሃዲዱን ስቶ ገደል ገባ። ከ400 ሰው በላይ አለቀ። አጎቴ እዚያ ውስጥ ነበር። እኔ 9 ዓመቴ ነበር። ለትምህርት ቤት ሰማያዊ ጫማ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶ ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ባቡር ሲመጣ ሥራዋን አቁማ ትቆማለች። ድስቱ እሳት ላይ ቢሆንም ትቆማለች። ድምፁ እስኪጠፋ ትጠብቅና ትመለሳለች። ምንም አትልም።

ስለ ባቡሩ የምናወራው ደስ የሚለውን ብቻ ከሆነ እኔ ሐሳቡ ላይ ስሜን አላኖርም። አንድ ድንጋይ ይቁም። ስሞቹ የሚገኙ ከሆነ ይጻፉበት። ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበርም ይኑረው፣ ምክንያቱም አሮጊቶቹ ቆመው ማልቀስ አይችሉም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። ያንቺ ነጥብ ይገባል። ማንም የሚከራከርበት አይመስለኝም።

ገንዘብ ያዡ

እኔም በአዋሹ ነጥብ እስማማለሁ። በጋሼ ሐሳብ ግን ሙሉ ለሙሉ አልስማማም። ብረቱ ይቆያል ብለሃል። አይቆይም። ባለፈው ወር ቁራሌው ጋ አንድ የሃዲድ ማሰሪያ ብሎን በዓይኔ አይቻለሁ። ከየት እንደመጣ አልተናገረም። ሰውየው ላይ አልፈርድም፣ እሱም የሚያበላው ቤተሰብ አለው። ግን ዛሬ ብሎን ከሆነ ነገ ሌላ ነው። ድምፅ ስንቀርጽ ስድስት ወር ቢፈጅ፣ ስንመለስ የምናሳየው ዕቃ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱን አንለያያቸው። ዕቃ ስንመዘግብ ዕቃውን የሚያውቀውን ሰው አጠገቡ አቁመን እንመዝግብ። ማሽኑ ፊት ቆሞ ይናገር፣ እኛ እንቅረጽ። ቁጥር፣ ፎቶ፣ ድምፅ፣ አንድ ላይ። አንድ ሰው ሳሎን አስቀምጠህ ስለ ሥራህ ንገረኝ ብትለው ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያበቃል። ማሽኑን ሲነካ ነው የሚያስታውሰው። አባቴን በዚህ አውቀዋለሁ።

ወጪው ብዙ አይደለም። ፎቶውም ድምፁም በሞባይል ይሆናል፣ አንድ ደህና ማይክ ከካዝናችን እንገዛለን። ሙዚየም ብለን ብንጀምር በጀት የለም ይሉናል። ይህንን ግን ለመጀመር ከአስተዳደሩ የምንፈልገው የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው።

የታሪክ መምህሩ

ይኼ ይሻላል፣ የሙዚየሙን ጥያቄ ግን አንሰርዘው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይውረድ። መዝገቡ በእጃችን ካለ በኋላ ሙዚየሙ ውስጥ ምን ይገባል ሲሉን መልስ አለን። ባለፈው ያልነበረን እሱ ነው። ደግሞ ሰዎቹን ስንቀርጽ ፈቃዳቸውን በሚገባቸው ቋንቋ እንጠይቅ። ቅጂው ለቤተሰባቸው ይሰጥ። አንዳንዱ አባት መናገር የሚፈልገው ለልጁ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያም መከበር አለበት።

ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስምንቱን ይዤ እመጣለሁ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችሉትን መርጫለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እሺ። የተባለውን ይዤ ረቂቁን እንደገና ጽፌዋለሁ። የታሪኩ አንቀጽ ወደ ኋላ ሄዷል። የሚጀምረው አሁን እንዲህ ነው፦

«በድሬዳዋ የባቡር ዴፖ ውስጥ የማሽን ሕመም በጆሮ የሚለዩ ሰዎች አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። የሠሩባቸው ማሽኖች ደግሞ መዝገብ የላቸውም። ማኅበራችን ሰዎቹንና ዕቃዎቹን በአንድ ላይ ለመመዝገብ የሚከተለውን ይጠይቃል። አንደኛ፣ አባሎቻችንና ተማሪዎች ከቀድሞ ሠራተኞች ጋር ወደ ዴፖውና ወደ አሮጌው ጣቢያ የሚገቡበት ፈቃድ። ሁለተኛ፣ ምዝገባው እስኪያልቅ ከግቢው ምንም ዕቃ እንዳይወጣ። ሦስተኛ፣ ከአዋሽ ማኅበረሰብ ጋር በመሆን በጥር 1977 ዓ.ም ላለቁት ወገኖች መታሰቢያ የሚቆምበት ቦታ። አራተኛ፣ መዝገቡ ሲጠናቀቅ ከጣቢያው ሕንፃ አንድ ክፍል ለሙዚየም፣ እንዲሁም ባለሙያ መርምሮ ከፈቀደ በግቢው ውስጥ የምትንቀሳቀስ አንዲት ሊትሪና።»

አስተያየት ካላችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ጻፉ። ሐሙስ አትሜ አስገባለሁ። ከአዋሽ የምትጽፊው እህታችን፣ ሦስተኛውን ነጥብ አንቺ እንደምትፈልጊው አስተካክዪው።

ከአዋሽ የምጽፍ አባል

«ላለቁት ወገኖች» ከሚለው ቀጥሎ «ሰው ተቀምጦ የሚያስባቸው» የሚል ይግባበት። ሌላው ደህና ነው። ስሜን ጻፉት።

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ እኔም ፈርሜያለሁ። ገንዘብ ያዡ ልክ ነው፣ ማሽኑ ፊት ቆሜ ብናገር ይሻለኛል።

ፈቃዱ እስኪመጣ ቁጭ አንበል። ጓደኛዬን አነጋግሬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት እኔ ቤት ይመጣል። መምህሩ ልጆቹን ይዞ ይምጣ፣ ግቢው ጥላ አለው። ደብተሩን አወጣለሁ። የአለቃዬ ብረትም አለች፣ አልጋዬ ሥር ነው የማስቀምጣት። ጎረቤቴ የውሃ መሳቢያ ሞተር አለው፣ እንዲያስነሳልን ለምኜዋለሁ። አንዱ ኩሲኔው ትንሽ ተበልቷል። የትኛው እንደሆነ አልነግራቸውም።