የጥቅምት 21 ዕቅድ፦ የሱዳኖቹ ቤት ኪራይ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይሄ ነው። የጥቅምት 21 የማኅበራችን የማርያም ዝክር ቀርቶ ወጪው ቀበሌ 14 ለተጠጉት ሦስት የሱዳን ቤተሰቦች የ3 ወር ኪራይ ይሁን። ከነሱ ጋር አንድ ምሳ እንበላለን። በነፍስ ወከፍ 500 ብር። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ የነሐሴን ያልከፈሉ 6 ሰዎች አሉ። መጀመሪያ እሱ ይግባ።

የዲያቆኑ እናት፦ ዝክርማ አይቀርም። ስለት ያለበት ሰው አለ።

ባለባጃጁ፦ የራሳችን ተፈናቃይ ሞልቶ?

ጸሐፊ፦ ለተፈናቃዩ ሐምሌ ላይ አዋጥተናል። አንተ አልከፈልክም። ዝክሩ ከምሳው ጋር ይሁን በቃ።

ተረኛዋ፦ የምሠራው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? የኛን እርድ እነሱ አይበሉም፣ የነሱን እኛ አንበላም። ጽጌም ነው። ዓሣ ይሻላል፣ አያጣላም።

የዲያቆኑ እናት፦ በጾም ዓሣ?!

ጣና ዳር፦ እትዬ፣ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው።

የዲያቆኑ እናት፦ የፈቃድ ስለሆነ በማኅበር ስም ይሻራል? እመቤታችን ልጇን አዝላ የተሰደደችበትን እየዘከርን ዓሣ እንጥበስ?

ጣና ዳር፦ እኮ! ስደቷን እየዘከርን አይደል ስደተኛ የምናበላው? ጣና ቂርቆስ 3 ወር ከ10 ቀን ተቀመጠች እያልን በጀልባ ሄደን እንሳለማለን። ያኔ ያስጠጋት ሰው ምን ላብላት ብሎ ስብሰባ ጠራ?

የዲያቆኑ እናት፦ አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ።

ዓሣ ነጋዴዋ፦ ቀረሶ ተወዷል። አምባዛ በግማሽ ዋጋ አመጣለሁ።

የዲያቆኑ እናት፦ አምባዛ! ቅርፊት የሌለው! በእሷ ቀን!

ዓሣ ነጋዴዋ፦ እንግዲያው ከገበያ ግዙ። እኔ የለሁበትም።

መምህሩ፦ ይቅርታ፣ ልጆቹ ትምህርት አልጀመሩም። በ1110/2011 አዋጅ ስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃን እንደኛው ልጅ ይማራል። ከምሳው ደብተሩ ይቀድማል። ማን አብሮኝ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይሄዳል?

ባለባጃጁ፦ እኔ አደርሳችኋለሁ።

ተረኛዋ፦ ዓሣው ቀረ ወይስ አልቀረም?

የማኅበሩ ሙሴ፦ ቃላችሁን አርሙ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ያላቸውን ጥለው በመተማ የገቡ ሰዎች ናቸው። እንግዳ ሆኜ በራችሁን አንኳኩቼ ነበር ስንባል አምባዛ ላይ ስንነታረክ ነበር ልንል ነው? የዲያቆኑን እናት ይቅርታ ጠይቅ።

ጣና ዳር፦ እትዬ ይቅርታ። ዓሣ ግን ይበላል።

እማማ ገዳሪፍ፦ አሁን ነው ያየሁት። በ1977 ገዳሪፍ ስገባ ልጅ አዝዬ፣ እግሬ አብጦ ነበር። የማላውቃት ሴት የቤቷን በር ከፍታ አስገባችኝ። ጾም ላይ ነሽ ወይ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። የነበራት ፉል ነው፣ ፉል ሰጠችኝ። ፉል ጾም ነው፣ እነሱም ይወዱታል። ፉል ሥሩ።

ተረኛዋ፦ ለ40 ሰው ፉል በምን ድስት? የማኅበሩ ከፋሲካ ጀምሮ የተበሳ ነው።

የዲያቆኑ እናት፦ ለፉሉ ባቄላውን እኔ እችላለሁ። ድስቱ እውነቷን ነው። ለክርስትናም ለተዝካርም የምንለምነው እኮ ነው።

መምህሩ፦ ባለባጃጁ፣ ነገ 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሜያለሁ።

መምህሩ፦ 3 ሰዓት ሆነ። ስልክህ አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ 11 ሰው ከፍሏል፣ 5,500 ብር። ድስት 3,500። የቀረው 2,000 ለአንዱ ቤተሰብ ኪራይ ማገዣ ይሁን።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ሦስት ቤተሰብ ነበር የሚለው።

ገንዘብ ያዥ፦ የነሐሴን ይክፈሉና ሦስት እናድርገው።

መምህሩ፦ ትምህርት ቤቱስ?

ተረኛዋ፦ ድስቱ ክዳን አለው?