ለተማሪ እህቴ መታወቂያ እንዴት ላውጣላት?

ሰላም የወሎ ልጆች! ጨንቆኝ ነው፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ታናሽ እህቴ ከሐይቅ ገጠር መጥታ ደሴ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ለቀበሌ መታወቂያ ሦስት ቀን ተመላለስን። መጀመሪያ ክፈሉ ተባልን፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ መሸኛ ከሐይቅ አምጪ ተባለች። እናታችን ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠቻት ብር በትራንስፖርት አለቀ። የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያው) ምዝገባ በነፃ ነው፤ ባለ 12 አሃዙ ቁጥር በስልኳ ደርሷታል። ካርዱን ማሳተም ግን ያስከፍላል። ኧረ በሞቴ፣ ለተማሪ እንኳ በነፃ ቢሆን ምን አለበት? ደብተር መግዣ ያጠራት ልጅ እኮ ናት።

ከትምህርት ቤት ማስረጃ ብታመጣ የቀበሌ መታወቂያው ክፍያ የሚቀርላት መንገድ ይኖራል? ማመልከቻውስ ለማን ነው የሚጻፈው፣ ለቀበሌው ወይስ ለክፍለ ከተማው? ተሳክቶላችሁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ሰኞ መሸኛውን ላመጣ ሐይቅ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ባውቀው አንድ ጉዞ ይተርፍልኛል።