ኃይለኛ መቺ የሆነ ዊኬት ጠባቂ በስንት ቁጥር ይግባ?

ቀዩ ኳስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ወዳጄ ጋር ሳምንት ሙሉ የተነታረክንበትን የክሪኬት ነገር ላምጣላችሁ። ቡድናችሁ ሲመታ ኳሱን አየር ላይ የሚልክ ዊኬት ጠባቂ (ተቃራኒው ሲመታ ከመቺው ጀርባ ጓንት አድርጎ ኳስ የሚይዘው) አለው እንበል። በአምስት ቀኑ ጨዋታ፣ በቴስት፣ ከአስራ አንዱ ስንተኛ መቺ አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ? እኔ አምስተኛ ባይ ነኝ። ምስክሬ የህንዱ ሪሻብ ፓንት ነው። በ2025 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሊድስ ላይ አምስተኛ እየገባ በአንድ ጨዋታ 134 እና 118 ራን (ነጥብ) መታ። ከእሱ በፊት በቴስት በሁለቱም ኢኒንግ (ቡድኑ በሚመታበት ዙር) መቶ የገባ ዊኬት ጠባቂ የዚምባብዌው አንዲ ፍላወር ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሰባተኛ ቦታ አስቀምጦ ተራውን መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሰባት ቁጥር፦ ያንኑ የሊድስ ጨዋታ ህንድ መሸነፏን ለምን ዘለልከው? እንግሊዝ ለማሸነፍ የሚያስፈልጋትን 371 አሳድዳ ጨረሰችው እኮ። ለማንኛውም የዚህ ጥያቄ መልስ አዳም ጊልክሪስት ይባላል። 96 ቴስት፣ አማካዩ (በወጣ ቁጥር የመታው ራን) 47.60፣ 17 ጊዜ መቶ፣ በመቶ ኳስ ወደ 82 ራን። አብዛኛውን ጊዜ የገባው ሰባተኛ ነው። ሰውየው በአንድ ቀን ጨዋታ መክፈቻ መቺ ነበር፤ አውስትራሊያ በቴስት ወደ ላይ ማውጣት አቅቷት አይደለም ሰባት ላይ የተወችው።

ቀዩ ኳስ፦ ወንድሜ፣ ከጊልክሪስት በላይ እነማን እንደነበሩ ረሳህ? ሄይደን፣ ላንገር፣ ፖንቲንግ... እነዚህ ሁሉ መትተው ሲጨርሱ ሰባተኛ መግባትማ ሰርግ ላይ እንደመድረስ ነው።

ሰባት ቁጥር፦ 1999 ሆባርት። ሁለተኛ ቴስቱ ነው፣ ሄይደን በቡድኑ ውስጥ የለም። ከፓኪስታን ጋር 369 እያሳደዱ ቡድኑ 126 ራን ላይ እያለ አምስት መቺ ወጥቷል (ከጨዋታ ተሰናብቷል)። ጊልክሪስት ገብቶ ከላንገር ጋር ሆነና 149 መታ፤ ሳይወጣ ጨዋታውን ጨረሰው። ይሄ ሰርግ ነው?

ስሌት፦ ሁለታችሁም ቁጥር ላይ ተጣብቃችኋል። መቺዎች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚቆሙት፤ ዋናው ጥያቄ ሌላኛው ጫፍ ላይ ማን ይቆማል ነው። አምስተኛ የገባ መቺ አጠገቡ ቢያንስ ሁለት ሦስት ደህና መቺ ይኖረዋል። ሰባተኛ የገባው ግን ጥቂት ሲቆይ የሚተርፉት ወርዋሪዎቹ ናቸው። ያኔ የተቃራኒው ካፒቴን ምን ያደርጋል? ለኃይለኛው ተጫዋቾቹን ዳር ድረስ ይበትንና አንድ ራን በነፃ ይሰጠዋል። ከዚያ በቀሩት ኳሶች ሜዳውን ጠበብ አድርጎ አስረኛውን ሰው ይለቅመዋል። ኃይለኛው እዚያ ማዶ ቆሞ ያያል።

በ2025 ኤጅባስተን ሜዳ ላይ የእንግሊዙን ዊኬት ጠባቂ ጄሚ ስሚዝን የገጠመው ይኸው ነው። በ84 አምስት ሰው ሲወጣ ሰባተኛ ገባ፤ ከሃሪ ብሩክ ጋር 303 ጨመሩ። ብሩክ በ387 ወጣ፣ ቡድኑ በ407 አለቀ። አምስት ሰው በ20 ራን! ስሚዝ 184 ላይ ሳይወጣ ቀረ። እዚያው ሜዳ ላይ በ2022 ደግሞ ፓንት አምስተኛ ገብቶ ነበር። ህንድ በ98 አምስት ሰው ብታጣም ሰባተኛ የመጣለት ጃዴጃ ነበር፤ ፓንት በ111 ኳስ 146፣ ጃዴጃ 104፣ አንድ ላይ 222። የልዩነቱ ምንጭ አጠገብ የቆመው ሰው ነው።

ሰባት ቁጥር፦ አንቺ እንዳልሽው ከሆነ እኮ ስሚዝም 303 የጨመሩት ብሩክ አጠገቡ ስለነበረ ነው። ደግሞ ኳሱስ? ሰባተኛ የሚገባው ያረጀ ኳስና የደከመ ወርዋሪ ነው የሚያገኘው።

ስሌት፦ ሁልጊዜ አይደለም። ከ80 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) በኋላ አዲስ ኳስ ይመጣል። የላዮቹ መቺዎች በደንብ ከቆዩ ሰባተኛው ልክ ያንን ኳስ ሊቀበል ይችላል። ቶሎ ከወጡ ደግሞ የመጀመሪያው ኳስ ገና አላረጀም። ስለዚህ ያረጀ ኳስ የምትለው ግማሽ እውነት ነው።

ጓንቴ፦ ልጆች፣ ከእናንተ መካከል ጓንቱን አድርጎ የሚያውቅ አለ? እኔ በትንሽ ክለብ ደረጃ ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ሙሉ ቀን 90 ኦቨር ማለት 540 ኳስ ነው፤ 540 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መነሳት። ጣት ያብጣል፣ ጭን ይንቀጠቀጣል። ተቃራኒው ሁሉም ሲወጣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ያንተ ቡድን መምታት ይጀምራል። አንድ ጊዜ መክፈቻ አድርገውኝ እግሬን ከመሬት ማንሳት አቅቶኝ በሦስተኛው ኳስ ወጣሁ። (ሁለተኛው ላይም መውጣት ነበረብኝ፣ ዳኛው አዘነልኝ።)

የስሪላንካውን ኩማር ሳንጋካራን እዩት። ጓንት አድርጎ በተጫወተባቸው 48 ቴስቶች አማካዩ 40.48፣ ያለ ጓንት በ86 ቴስቶች 66.78። የእንግሊዙ አሌክ ስቱዋርት በጓንት 34.92፣ ያለ ጓንት 46.70። ድካሙ አሃዝ ሆኖ ተጽፏል።

ቀዩ ኳስ፦ ጋሽ ጓንቴ፣ አከብርዎታለሁ ግን ሳንጋካራ ጓንቱን የተወው በስሎ ነው፤ ዕድሜና ልምድም ተጨምሮበታል። ፍላወርስ? ጓንት አድርጎ አማካዩ ከ50 በላይ ነው፣ ያውም ከፍ ብሎ እየገባ። ፓንትም በጥር 2021 ሲድኒ ላይ አምስተኛ ገብቶ 97 መታ።

ጓንቴ፦ ጥሩ ምሳሌ አመጣህልኝ! ሲድኒ ላይ ፓንት ክርኑን ተመትቶ ስለነበር በአውስትራሊያ ሁለተኛ ኢኒንግ ጓንቱን ያደረገው ተተኪው ሳሃ ነው። ፓንት አርፎ ነው የመታው።

ቀዩ ኳስ፦ እሺ፣ ይህችን አላየኋትም ነበር። ግን በቀጣዩ ቴስት ብሪዝበን ላይ ጓንቱን አድርጎ ውሎ፣ አምስተኛ ገብቶ፣ 328 ሲያሳድዱ 89 መትቶ ሳይወጣ አሸነፉ። እሱንስ ምን ይሉታል?

ጓንቴ፦ እሱንማ ጉልበት እለዋለሁ፤ ወጣት ነበር። እኔ ካፒቴን ብሆን ቁጥሩን በድንጋይ ላይ አልቀርጽም። ከ60 ኦቨር በታች ጠብቆ ከመጣ አምስተኛ ይግባ። አንድ ቀን ተኩል ቁጢጥ ብሎ ከዋለ ሰባተኛ ይሁንና እግሩን አንስቶ ይተኛ።

ሰባት ቁጥር፦ ይሄ ሰባተኛ ማለት ነው፤ ተራ በተራ እየቀያየሩ የሚገባ ሰው ቦታውን መቼ ይለምዳል?

ስሌት፦ ወይም የኒውዚላንዱ ብሬንደን ማክለም እንዳደረገው ነው። በ2010 በቴስት ጓንቱን ተወ፣ በ2014 ዌሊንግተን ላይ ህንድን 302 መታ። አምስተኛ ገብቶ።

ቀዩ ኳስ፦ አምስተኛ! ሰምታችኋል?

ሰባት ቁጥር፦ ጓንት የለውማ! ጥያቄህን አንብበው፣ ዊኬት ጠባቂ ነው ያልከው።